ለሐሙስ አርባ ካርቶን

ሮን ለሐኪሙ ሲዋሽ ፀሐይቱ እዚያው ክፍል ውስጥ የቆሸሸ አንሶላ ወደ ከረጢት ትከት ነበር። «ተሳስቶ ጠጥቶ ነው» አለ ሮን በዕብራይስጥ፣ የመኪና ቁልፉን ጣቱ ላይ እያሽከረከረ። «ሠራተኞቹ በሚኖሩበት ክፍል የተባይ መርዙን በለስላሳ ጠርሙስ ያስቀምጡታል። ስንት ጊዜ ነግረናቸዋል!» ወጣቱ ሐኪም ራሱን ነቀነቀና ጻፈ። አልጋው ላይ የተኛው ሰው ከታይላንድ ለእርሻ ሥራ የመጣ እንጆሪ ለቃሚ ነው፤ ዕድሜው ከሠላሳ አይበልጥም። ትናንት እኩለ ቀን ላይ ሲያመጡት ላቡ ፍራሹን አርሶት ነበር፤ ያስመልሰዋል፣ ምራቁ አይቆምም፣ የዓይኑ ብሌን ጠቦ የመርፌ ጫፍ አክሏል። ዛሬ መለስ ብሎለታል፤ እጁ ግን አሁንም ይንቀጠቀጣል። ሮን የሰውየውን ትከሻ ቸብ ቸብ አደረገና ወጣ። ኮሪደሩ ላይ፣ ከፀሐይቱ ጋሪ ሁለት እርምጃ ርቆ ቆሞ ስልክ ደወለ። «ስማኝ፣ የተረጨው ባለፈው ሳምንት ነው በሉ። ማክሰኞ ማንም አልረጨም። የርጭት ደብተሩን አስተካክሉት፣ ለሌሎቹ ሠራተኞችም ንገሯቸው።» ድምፁን ዝቅ እንኳን አላደረገም። አረንጓዴ የሥራ ልብስ ለብሳ የልብስ ጋሪ የምትገፋ ሴት ጆሮ ያላት አልመሰለውም።

ፀሐይቱ ግን ታውቀዋለች። ሮን የአንድ እንጆሪ እርሻ የሥራ ኃላፊ ነው፤ ለታናሽ እህቷ ለዘርትሁን በየሳምንቱ እንጆሪ የሚያመጣላት እሱ ነው። ዘርትሁን ፍራፍሬ ቆራርጣ በትልልቅ ትሪ እየደረደረች ለሠርግ፣ ለልጆች ባር ሚጽቫ በዓል፣ ለሰንበት ትሸጣለች። የዛሬ ሦስት ሳምንት በእህቷ ማእድ ቤት ሮን የፀሐይቱን እጅ በሁለት እጁ ጨብጦ «የዘርትሁን እህት የእኔም እህት ናት» ብሏት ነበር። ዛሬ ዓይኑ ፊቷ ላይ አርፎ እንደ ግድግዳ አልፏታል። ሲወጣ ለነርሶቹ አንድ ካርቶን እንጆሪ ጠረጴዛቸው ላይ ትቶላቸው ሄደ። ነርሶቹ ሲበሉ ለእሷም ሁለት ፍሬ ሰጧት፣ በላች። ጣፋጭ ነበር። እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ የተሰማት ሐዘን አልነበረም። ደረቷ ውስጥ አንድ ሞቅ ያለ ነገር ተነሣ፤ ስም አልሰጠችውም እንጂ ደስታ ነበር። ያ ሁሉ ሰው «የዘርትሁን እጅ ይባረክ» የሚልለት ፍራፍሬ ውስጡ የበሰበሰ ነገር ተገኘበት። ያገኘችውም እሷ ናት።

ሥራዋን ከቀኑ በዘጠኝ ሰዓት ጨርሳ በአውቶቡስ ወደ ሰፈሯ ወደ ማሃኔ የሁዳ ሄደች። ዝናቡ አቁሞ ነበር፤ የቤቷ ደረጃ ግን እንደ ሁልጊዜው በክረምት ያልባል። ሦስተኛ ፎቅ ነው፣ ማዓሊት የሚሉት አሳንሰር የለውም፤ ስለዚህ የገበያ ከረጢት ይዛ ስትወጣ ሁለተኛው ፎቅ ላይ የማረፍ ልማድ አላት። ዛሬ አላረፈችም። ልጇ ይኖን ቤት አልነበረም፤ ለአክስቱ ለዘርትሁን ወንበር ሊያነሣላት ከጠዋት ሄዷል። የራሷ ማጠቢያ ቧንቧ ሁለት ወር ሙሉ ሲንጠባጠብ «ኢማ፣ ነገ» የሚላት ልጅ፣ አክስቱ ስትደውልለት የጫማውን ገመድ ለማሰር እንኳን አይዘገይም። ልደት የምትባለው የአክስቱ ልጅ ዛሬ ጠዋት የመኮንንነት ኮርሷን ጨርሳ ማዕረግ ተሰጥቷት ነበር፤ ግብዣው ለዚያ ነው። ይኖን ከእሷ ጋር በአንድ ወር ተወልዶ፣ በአንድ መዋዕለ ሕፃናት ገብቶ፣ ከሠራዊቱ ግን በስድስት ወሩ ተለቅቆ አሁን በአንድ የገበያ አዳራሽ በር ላይ የሰው ቦርሳ ይፈትሻል። ፀሐይቱ ይህን ለማንም አታወራም። ጥቁሩን ቀሚሷን ለበሰች፣ አወለቀች፣ ሰማያዊውን ለበሰች። ለልደት የገዛችው የመቶ ሃምሳ ሸቀል የእጅ ሰዓት ነበር፤ ሱቁ ውስጥ ያማረ የመሰላት፣ አሁን መጠቅለያው ውስጥ ሲታይ የልጆች ሰዓት የሚመስል።

ዘርትሁን የምትኖረው ሃዳር ጋኒም ሰፈር ነው፣ ስድስተኛ ፎቅ። ማዓሊቱ መስተዋት አለው፤ ፀሐይቱ በገባች ቁጥር ፊቷን ሳትፈልግ ታያለች። በሩ ክፍት ነበር። ሳሎኑ ውስጥ ሠላሳ ሰው ይሆናል፤ ኩርሲው ሁሉ ተይዟል፣ ወጣቶቹ በረንዳው ላይ ቆመዋል፣ ልደት ትከሻዋ ላይ አዲሱን ማዕረግ አድርጋ ከአንዱ ወደ አንዱ እየተሳመች ትዞራለች። በማእድ ቤቱ ሁለት ማቀዝቀዣ ጎን ለጎን ቆሟል። አንዱ ለቤት፣ አንዱ ለሥራ። ግድግዳው ላይ የእናታቸው ፎቶግራፍ በወርቃማ ክፈፍ ተሰቅሏል፤ ፀሐይቱ ያነሣቻት፣ ፀሐይቱ ያሳጠበችው፣ ዘርትሁን ግን በትልቁ ያሳተመችው ፎቶግራፍ። እንግዳ ሁሉ እዚህ መጥቶ እናታቸውን ስለሚያይ፣ እናታቸው የዘርትሁን ብቻ የሆነች ይመስል ነበር። ይኖን ጥግ ላይ ቆሞ ዳኛው የሚባለው የዘርትሁን ባል በነገረው ነገር እየሳቀ ነበር። ጥርሱ ሁሉ ይታያል። ፀሐይቱ ልጇ በዚህ ዓመት እንዲህ ሲስቅ አላየችውም።

«እታለም! መጣሽ?» አለች ዘርትሁን ከማእድ ቤት ወጥታ እየሳመቻት። ሽቶዋ የእንጆሪ ሽታ ተቀላቅሎበታል። «ቀጥታ ከሥራ ነው? ደክሞሻል አይደል? ተቀመጪ፣ ምንም አትንኪ።»

ምንም አትንኪ። ደግ ቃል ነው፤ ፀሐይቱ ግን እንደ እንግዳ እንደ ተቆጠረች ወሰደችው። ከአባ ካሳው አጠገብ ቦታ ለቀቁላት። አባ ካሳው የእናታቸው የአጎት ልጅ ናቸው፣ ሰማንያ አልፏቸዋል፤ በግብዣ ሁሉ ላይ ቀድመው መጥተው መጨረሻ ይሄዳሉ። ስለ ጉልበታቸው፣ ስለ አውቶቡስ መስመር መቀየር፣ አንድ ኪሎ ቲማቲም አሥራ ሁለት ሸቀል ስለ መግባቱ ነገሯት። አጠገባቸው የተቀመጡት ሴቶች ደግሞ ስለ ዘርትሁን ያወሩ ነበር። የማን ሠርግ ላይ ስንት ትሪ እንዳቀረበች፣ የነጮቹ ቤተሰቦች ሳይቀሩ ከእሷ እንደሚያዝዙ፣ ልጇን እንዴት እንዳሳደገች። በመካከሉ አንዲቱ ወደ ፀሐይቱ ዞር ብላ «አንቺስ አሁንም ሆስፒታል ነሽ?» አለቻት። «ነኝ» አለች ፀሐይቱ። ሴትዮዋም «ደህና ነው፣ ቋሚ ሥራ ነው» አለችና ወደ ወሬዋ ተመለሰች። ቋሚም አይደለም፤ የቀጠራት ሆስፒታሉ ሳይሆን ሠራተኛ የሚያከራይ ኩባንያ ነው። ፀሐይቱ ግን አላረመቻትም።

ያን ጊዜ ዘርትሁን ትልቁን ትሪ ተሸክማ ገባች። እንጆሪው በክብ በክብ ተደርድሮ መካከሉ ላይ የልደት ማዕረግ በነጭ ቸኮሌት ተሠርቶበታል። ሰዉ እልል አለ፣ ስልኮች ተነሡ። «ኦይ፣ እንዴት ቀይ ነው!» አለ አንዱ። «በዚህ ዝናብ ከየት አገኘሽው?» አለች ሌላዋ። ዘርትሁን እየሳቀች «ገበሬዬ አያሳፍረኝም» አለች።

«ገበሬሽ ዛሬ ጠዋት እኔ ዘንድ ነበር» አለች ፀሐይቱ። ድምፅዋ ካሰበችው በላይ ወጣ። «ይህን የለቀመው ልጅ እኛ ማሕላካ፣ የበሽተኞቹ ክፍል ውስጥ ተኝቷል። በመርዝ። መርዝ የተረጨበት ውስጥ አስገብተው አስለቅመውታል። ሮን ደግሞ ተሳስቶ ጠጣ ብሎ ለሐኪሙ ሲዋሽ በጆሮዬ ሰማሁት። ብሉ እንግዲህ፣ ይጣፍጣችሁ።»

ሹካው ላይ እንጆሪ የሰካ ሰው እንደ ሰካ ቀረ። ፀሐይቱ የእህቷን ፊት ታይ ነበር፤ ለዚህ ነው የመጣችው፣ ያንን ፊት ሲለወጥ ለማየት። ተለወጠም። ቀለሙ ሁሉ ከጉንጯ ወረደ። ነገር ግን ድንጋጤው ፀሐይቱ እንዳሰበችው አልቆየም። አባ ካሳው ጎንበስ ብለው «ታጥቧል አይደል?» ብለው ጠየቁ። «ታጥቧል አባ» አለ ዳኛው ቶሎ ብሎ። እሳቸውም አንድ ፍሬ አነሡና ጎረሱ። ከዚያ ሌላው አነሣ፣ ከዚያ ልጆቹ ተሻሙ። ከኋላዋ አንዲት ሴት ለሌላዋ ስትንሾካሾክ ፀሐይቱ አንዲት ቃል ብቻ ለየች፦ «ቅናት»። ይኖን ከጥግ መጥቶ ክንዷን ያዘና «ኢማ፣ ዳይ» አላት፣ ይበቃል ማለቱ ነው። የሚስቅበት ፊቱ ጠፍቶ ነበር። ያጠፋችው እሷ ናት።

ዘርትሁን ትሪውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ ወደ መኝታ ቤት ገባች። ፀሐይቱ ተከተለቻት። ለምን እንደ ተከተለቻት አታውቅም፤ ምናልባት ስትሰደብ ለመስማት፣ ምናልባት መጨረሻውን ለማየት። ዘርትሁን አልጋው ላይ በተከመረው የእንግዳ ካፖርት ላይ ተቀመጠች።

«ድገሚልኝ» አለች። «የተረጨው መቼ ነው አለ?»

«ማክሰኞ ማንም አልረጨም በሉ፣ ባለፈው ሳምንት ነው በሉ አለ።»

ዘርትሁን ስልኳን አወጣች፣ ፈለገች፣ ተጫነች። የሮን ድምፅ ክፍሉን ሞላው፣ ከኋላው የትራክተር ጩኸት እየተሰማ፦ «ዘርትሁን ነፍሴ፣ ዛሬ ጠዋት ነው የረጨነው። የእንጆሪው የላስቲክ ቤት እስከ ዓርብ ዝግ ነው፣ ማንም አይገባበትም። ሐሙስ አይሆንም።» መልእክቱ የማክሰኞ ነው። ቀጥሎ የራሷ የዘርትሁን ድምፅ መጣ፣ ፈጣን፣ ሳቅ ያለበት፣ ከሰው ጋር መደራደር የለመደ ድምፅ፦ «ለሐሙስ አርባ ካርቶን፣ ሮን! የልጄ ግብዣ ነው፣ የሰንበትም ትእዛዝ አለብኝ። ካልቻልህ ሌላ ገበሬ አገኛለሁ። እኔ አጥበዋለሁ፣ አንተ ምን ቸገረህ?» ከዚያ የሮን አንድ የእሺታ ቃል፦ «በሰደር።»

ከሳሎን ሙዚቃ ተከፈተ። ፀሐይቱ ይህን አልጠበቀችም። የያዘችው ጭቃ ነበር፣ ለመቀባት ያህል፤ እህቷ እጅ ላይ ይህን ያህል ነገር ይገኛል ብላ አላሰበችም። ዳኛው በሩን ገፋ አድርጎ ገባ፤ ከውጭ ሰምቶ ነበር።

«አጥፊው» አለ።

«ምኑን?»

«መልእክቱን ነዋ! ልጅቷ ገና ዛሬ ማዕረግ አገኘች፣ ነገ የእናቷ ስም ፖሊስ ቤት ይጠራ? አንቺ አልረጨሽ፣ አንቺ አላስገባሽው። ገዢ ነሽ። ገዢ ምን ያድርግ? እርሻ ውስጥ ገብቶ ይጠብቅ?»

«ሐሙስ ያልሁት እኔ ነኝ» አለች ዘርትሁን። «ሐሙስ ባልል አይገባም ነበር። ዓርብ ድረስ ዝግ ነው ብሎኛል እኮ። ሰምቻለሁ። ሰምቼ ነው ያልሁት።»

ጣቷ ስልኩ ላይ ነበር። ፀሐይቱ ያንን ጣት ታያለች፤ በልቧም አጥፊው፣ አጥፊው ትላለች። ለእህቷ አዝና አይደለም። ብታጠፋው ዘርትሁን ለዘለዓለም ከእሷ በታች ትሆናለች፤ ፎቶግራፉም፣ ሁለቱ ማቀዝቀዣም፣ የልጅቷ ማዕረግም ከዚያ በኋላ ምንም አይደሉም። ዘርትሁን ግን ስልኩን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ካፖርቷን ከክምሩ ሥር ጎትታ አወጣች።

«እታለም፣ የት ነው የተኛው? ውሰጂኝ።»

«አሁን? እንግዳ ጥለሽ?»

«አሁን።»

ዳኛው አልነዳም አለ። በአውቶቡስ ሄዱ፣ ጎን ለጎን ተቀምጠው። መሸት ብሎ የመንገዱ መብራት በርቶ ነበር። ማሕላካው ሲደርሱ እራት እየታደለ ነው። ፀሐይቱ ያለ ሥራ ልብሷ ስትገባ ነርሶቹ ቀና ብለው አዩዋት፣ መጀመሪያ አልለዩዋትም። ሰውየው ትራሱን ተደግፎ ተቀምጧል፣ የቀዘቀዘ ሾርባ ፊቱ ተቀምጧል፤ ማንኪያውን ቢያነሣው ይፈስሳል። ዘርትሁን ወንበር ሳበችና አጠገቡ ተቀመጠች። መጀመሪያ ያደረገችው ነገር ስሙን መጠየቅ ነበር።

«ፕራሰርት» አለ።

ፀሐይቱ በሩ አጠገብ እንደ ቆመች ፊቷ ጋለ። ከትናንት ጀምሮ አራት ጊዜ አንሶላ ቀይራለታለች፣ አፉን ጠርጋለታለች፣ ስሙን ግን አልጠየቀችውም። ዘርትሁን ማንኪያውን ተቀብላ ሾርባውን ታጠጣው፣ አፉንም ትጠርግለት ጀመር። አፉን መጥረግ ዛሬ ጠዋት የፀሐይቱ ሥራ ነበር። ፕራሰርት በተሰባበረ ዕብራይስጥ ተናገረ። ምንም አልጠጣሁም አለ። ትናንት ሊነጋ ሲል አስገቧቸው፣ ቅጠሉ እርጥብ ነበር፣ ጓንት ለሁሉም አልበቃም። አብረውት የለቀሙ ሌሎች ሁለት ሠራተኞችም አሟቸዋል፣ ግን ሥራቸውን ፈርተው አልተናገሩም። ዘርትሁን ማንኪያውን አስቀመጠች። «ለሐሙስ ያልሁት እኔ ነኝ» አለችው። አልገባውም። «ቱቱን፣ እንጆሪውን፣ ያዘዝሁት እኔ ነኝ። ጠብቂ አለኝ፣ አልጠበቅሁም።» አሁን ገባው። ትክ ብሎ አያት። ሊቆጣ ይሆን ብላ ፀሐይቱ ጠበቀች፤ ቢቆጣ እንዴት በወደደች።

«ቱቱ ጥሩ ነበር?» አለ ፕራሰርት።

በቀልድ አልነበረም። ሲለቅም የደከመበትን ነገር እንዴት እንደ ሆነ መጠየቁ ነበር። ዘርትሁን ወደ ሾርባው አጎነበሰች። ከበሩ ላይ «ጥሩ ነበር» ያለችው ፀሐይቱ ናት። የጠዋቱ ሁለት ፍሬ ጣዕም አፏ ላይ መጣባት።

የማሕላካው የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ ልትወጣ ቦርሳዋን አንግባ ነበር። ኦሻራት ትባላለች፤ ወላጆቿ ከጎንደር የመጡ፣ እሷ ግን እዚሁ የተወለደች፣ አማርኛ የምትሰማ፣ በዕብራይስጥ የምትመልስ ልጅ ናት። ዘርትሁን የከፈተችላትን የድምፅ መልእክት ሁለት ጊዜ ሰማችው። ከዚያ ቦርሳዋን አውርዳ ዘርትሁንን በአድናቆት አየቻትና «ኮል ሃካቮድ፣ ጎበዝ» አለቻት። «ይህን ይዞ የሚመጣ ሰው አይቼ አላውቅም።» ዘርትሁን አለቀሰች። ኦሻራት ትከሻዋን አቀፈቻት። ፀሐይቱ ስድስት ዓመት በዚህ ማሕላካ ስትሠራ ኦሻራት «ሻሎም ዶዳ»፣ ሰላም አክስቴ፣ ከማለት ሌላ አነጋግራት አታውቅም። አሁን እህቷ በገባች በግማሽ ሰዓት፣ ያውም ጥፋቷን ይዛ መጥታ፣ እዚህም የተወደደች እሷ ሆነች።

«አንድ ነገር ይቀራል» አለች ኦሻራት። «መልእክቱ ማክሰኞ መረጨቱን ያሳያል። የሐኪሙ ወረቀት ግን ጠጣ ይላል። የርጭት ደብተሩንም ይቀይሩታል። ሮን እንዲዋሹ ሲያዝዝ የሰማ ሰው ቢኖር...»

ዘርትሁን ወደ እህቷ አላየችም። ሆን ብላ ነው ያላየችው፤ ፀሐይቱ ይህን ተረዳች። ኩባንያው ሠራተኞቹን ሲቀጥር የሚያስፈርመው ወረቀት አለ፦ በበሽተኛ ጉዳይ አትግቡ፣ ያያችሁትን ውጭ አታውሩ። ባለፈው ዓመት አንዲት ሴት ከዚህ ባነሰ ነገር ተባርራለች። ይኖን በአንድ ደመወዝ ቤቱን አይሸከምም። ዝም ብትል ማንም አይወቅሳትም።

«እኔ ሰምቻለሁ» አለች።

«ዶዳ፣ ስምሽ ይጻፋል እኮ» አለች ኦሻራት በቀስታ። «ኩባንያው ቢያውቅ...»

«ጻፊው። ፀሐይቱ በይ።» ከዚያ ዘርትሁን ወደ ተቀመጠችበት ወንበር ሄዳ ቆመች። «ተነሺልኝ፣ እኔ ልቀመጥ። ቃሌን ቆሜ አልሰጥም።» ዘርትሁን ተነሣች። ፀሐይቱ ተቀምጣ የሰማችውን አንድ በአንድ ነገረች፤ ኦሻራት ጻፈች፣ አነበበችላት፣ ፀሐይቱም ፈረመች። ፕራሰርት ሁሉም ባይገባው ሁለት መዳፉን ደረቱ ላይ ገጥሞ ጎንበስ አለላት። ለእሷ ብቻ።

አውቶቡስ መቆሚያው ላይ ነፋሱ ይቆርጣል። ዘርትሁን ካፖርቷን ሳትቆልፍ ተቀምጣ ነበር። «ባትነግሪኝ ኖሮ እንደ በላሁት እቀር ነበር» አለች። «እህቴ ስለሆንሽ ነው የነገርሽኝ። ሌላው ሰው ከኋላዬ ያወራ ነበር።»

ፀሐይቱ ይህን ምስጋና ይዛ ወደ ቤቷ መሄድ ትችል ነበር። «ስለ ቀናሁ ነው» አለች። «ሰው ፊት ላዋርድሽ ብዬ ነው።»

«አውቃለሁ» አለች ዘርትሁን። «ስትገቢ ፊትሽ ላይ አይቼዋለሁ።»

ስልኳ ጮኸ። የሰንበት ትሪ ያዘዘች ደንበኛ ነበረች፤ ድምፅዋ እስከ ፀሐይቱ ይሰማል። ዘርትሁን እንጆሪ እንደሌለ፣ ነገም እንደማይኖር፣ ከማን እንደምትገዛና ማን እንደሚለቅመው እስክታውቅ ድረስ እንደማትሸጥ ነገረቻት። ብርቱካን አለ አለቻት፣ ሮማን አለ አለቻት። ሴትዮዋ ያለ እንጆሪ ምን ትሪ ነው ብላ ከሌላ ቦታ እንደምታዝዝ ተናግራ ዘጋች። ከዘጋች በኋላ ወዲያው ስልኩ እንደገና ጮኸ። ዘርትሁን ለሁለተኛዋም ያንኑ ደገመችላት፣ ያችም ዘጋች።

ፀሐይቱ ደስታው እስኪመጣ ጠበቀች። መጣ። ትንሽ ነበር፣ ግን መጣ። አፈረችበት። የእህቷን ካፖርት ቁልፎች ከታች ጀምራ እስከ አንገቷ ቆለፈችላትና፣ አውቶቡሱ ሲመጣ ለሁለታቸውም የራሷን የአውቶቡስ ካርድ ማሽኑ ላይ አስነካች።